የህዳሩ ብርድና የውሸት መሐላዬ

ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን

ውድ ጋሽ በዛብህ፣

አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የአየር ጠባይ ጣቢያው ግቢ እንዳለ ነው። የሙቀት መለኪያዎቹን ነጭ ሳጥን ዘንድሮ ቀለም ቀባሁት፤ የዝናብ መለኪያውን አጥር ግን የሰው ላም ገፍታ ጥላው በሽቦ አስሬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ቤተልሄም እንደምትሆን አውቃለሁ። ቤቲ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። መሃል ላይ ስትደርሺ ትቆጪኝ ይሆናል። ተቆጪ፤ ግን አንድም መስመር አትዝለይ። ለአባትሽ አዝነሽ ቃል አታለሳልሺ። እንደጻፍኩት አንብቢላቸው።

ጋሽ በዛብህ፣ በስልክ ልነግርዎ ያልሞከርኩ እንዳይመስልዎ። አምና ለገና ስደውል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አፌ "ብርዱ እንዴት ነው እዚያ?" አለ። እርስዎም "ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርዱ ባለቤት ነው፤ እንግዳው እኔ ነኝ" ብለው ሳቁ። አብሬዎ ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

መጀመሪያ የሥራውን ልንገርዎ፤ የሚወዱት እሱን ነውና።

የዘንድሮው የበጋ ወቅት የአየር ጠባይ ትንበያ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደረሰን። ሁለት ነገር ይላል። የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ከመደበኛው ይበረታል፤ በተለይ ከህዳር አጋማሽ በኋላ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በአንዳንድ ስፍራ ሊጥል ይችላል። "አንዳንድ ስፍራ" የምትለዋን ቃል እንዴት ይጠሏት እንደነበር ትዝ አለኝ። "የገበሬው ማሳ አንዳንድ ስፍራ አይደለም፤ አንድ ስፍራ ነው" ይሉ ነበር።

ጨፋን በህዳር ያውቁታል። ጤፉ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ማሽላው ገና ቆሟል፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያሉት ደግሞ የቲማቲምና የሽንኩርት ችግኝ አፍልተዋል። ዝናብ ለተኛው ጤፍ፣ ብርድ ለችግኙ፤ ሁለቱም በአንድ ወረቀት መጥተዋል። ስለዚህ ለገበሬው እንድናገር ጨፋ ሮቢት ተጠራሁ። በገበያ ቀን ነው። እርስዎ ይሄዱበት የነበረ ቦታ እኔ ስሄድ ሁልጊዜ የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል።

ስብሰባው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጆንያ ላይ የተቀመጠ አለ፣ በሩን ተደግፎ የቆመ አለ፣ ያልሸጣትን ፍየል ይዞ የገባም አለ። ወረቀቱን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። "የታጨደ ጤፍ መሬት ላይ አታቆዩ፤ በዚህ ሳምንት ሰብስባችሁ ከምሩ። ችግኝ ያላችሁ ደግሞ ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ ማታ ማታ አልብሱት" አልኩ።

ሐጂ አብዱልጀባር ተነሡ። እርሳቸውን እንኳ አይረሷቸውም፤ ከመንገዱ በታች ሰፊው የጤፍ ማሳ የሳቸው ነው።

"ልጄ፣ ሰማዩን አይተሽዋል? ተወልውሎ ያደረ መስተዋት ነው። ጤፌን ሳይደርቅ ከምሬ ቢሻግትብኝ ምን ትይኛለሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ አልልዎትም ሐጂ። ዝናቡ ሊመጣም፣ ሊቀርም ይችላል። የመምጣቱ ዕድል ግን ከሌላው ዓመት የሰፋ ነው።"

"ሊመጣም ሊቀርም እንደሚችልማ እኔም አውቃለሁ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

"በዛብህ ቢሆን 'ከምር' ካለኝ እከምራለሁ፤ 'ተው' ካለኝ እተዋለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት እዚህ ንዳድ ላይ አብሮን የኖረ ሰው ነው። የእናቴ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን አብሮኝ ተቀምጧል። እሱን አንድ ክፉ ሰው በሐሰት ከሰሰውና ጡረታው ሦስት ዓመት ሲቀረው እንደ ሌባ ወጣ። ያ የከሰሰው ሰው የት እንዳለ አላህ ይወቀው።"

ጋሽ በዛብህ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።

አሁን ከሥሩ ልንገርዎ። ስድስት ዓመት ሆነው። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሁሉን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። "የሳጥኑን በር ስትከፍቺ ትንፋሽሽን ያዢ፤ ሙቀትሽ መለኪያውን ያታልለዋል። ዓይንሽን ከመለኪያዋ ጠቋሚ ጋር እኩል አድርጊ" ይሉኝ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ መነጽርዎን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ጀመሩ። ጥቅምት ላይ መዝገቡን ወደ አፍንጫዎ ማስጠጋት ጀመሩ። አየሁ፤ ግን እንዳላየሁ ሆንኩ።

ህዳር ላይ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንብበው "ስምንት ዲግሪ ከግማሽ" ብለው ጻፉ። የቦርከና ዳሯን ፋጡሜን ያውቋታል፤ ወደ ገበያ ስታልፍ በአጥሩ በኩል "ጋሽ በዛብህ፣ ብርዱ እየበረታ ነው መሰል፣ ችግኜን ላልብሰው?" አለችዎ። "አይ፣ ስምንት ከግማሽ እኮ ነው ፋጡሜ፤ ምንም አይለው" አሏት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። የሻርፗን ጫፍ ስትፈታው በእሳት የተለበለበ የመሰለ ጥቁር የቲማቲም ችግኝ ነበረበት። "በሳሩ ላይ አመዳይ ነበር፤ ሁሉም እንዲህ ሆነ" አለች። እርስዎ ችግኙን እያገላበጡ "ይኼ በሽታ ነው፤ ለግብርናዎቹ አሳዪ" አሏት። አልዋሿትም። ያዩትን ነው የነገሯት።

በነጋታው ሲያነቡ ከኋላዎ ቆምኩ። "ዘጠኝ" ብለው ጻፉ። ጠቋሚዋን ወደ ቦታዋ ሳይመልሷት በትከሻዎ በኩል አየሁ። አራት ላይ ነበረች።

ያኔውኑ ልነግርዎ አፌን ከፈትኩ። እርስዎ ግን ቀድመው "ዓዲላ፣ ዛሬ ፀሐዩ ዓይኔን ያዘኝ" አሉኝ። ያን ቀን ፀሐይ አልነበረም። ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እርስዎን ተከትዬ አነብና በራሴ ደብተር እጽፍ ነበር። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ጥር ላይ ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ጻፍኩ። "የጣቢያው ተመልካች ዓይናቸው ስለደከመ ንባባቸው ትክክል አይደለም፤ ስሜ በምስጢር ይያዝልኝ" አልኩ። የፋጡሜ ችግኝ እውነት ነው። ለገበሬው አስቤ ነበር፤ ይኼም እውነት ነው። ግን ቤቲ፣ ይቺን ጮክ ብለሽ አንብቢያት፤ ወንበሩንም ፈልጌው ነበር። የእኔ ሥራ የኮንትራት ነበር፤ ሰኔ ላይ ያልቃል። እርስዎ ከወጡ ቦታው ለእኔ እንደሚሆን አስቤያለሁ። ያን ገጽ ስጽፍ የትኛው ሐሳብ ብዕሩን እንደያዘው እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ሁለት ሰዎች ከመሥሪያ ቤቱ የመጡበትን ቀን አብረን አየነው። መለኪያውን ሰጥተው ሦስት ጊዜ አስነበቡዎ። ሦስተኛው ላይ እርስዎ ራስዎ "ይበቃል" አሉ። መነጽርዎን አውልቀው በሸሚዝዎ ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው ግን አላደረጉትም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት መዝገብ ላይ "አጠራጣሪ" ተብሎ በቀይ ሲጻፍ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ከሥራ መውጣቱን እንኳ እንዲያ የተሰማዎ አልመሰለኝም፤ ያ ቀይ ጽሑፍ ግን ፊትዎን ቀየረው።

ከሄዱ በኋላ ግቢው ውስጥ ጠሩኝ።

"ዓዲላ፣ ማን እንደጻፈ ታውቂያለሽ?"

"ወላሂ አላውቅም ጋሽ በዛብህ።"

"በፈጣሪሽ ከማልሽማ በቃ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እንዲያውም "አንቺን ጠርጥሬ መስሎሽ እንዳይከፋሽ" አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሼህ ከማል ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ። ስለ መሐላው ሦስት ቀን ፁሚ አሉኝ፤ ፆምኩ። ግን ሲሸኙኝ "ፆሙ በአንቺና በአላህ መካከል ላለው ነው። የሰውየው ሐቅ ሰውየው ዘንድ ነው ያለው፤ ሄደሽ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ በይ" አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ እንዳልኩ አራት ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ሐጂ አብዱልጀባር ያን ሲናገሩ ይህ ሁሉ በልቤ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ ስለ ዝናቡ ያልኩት ሁሉ ገደል ይገባል፤ ከሳሽን ማን ያምናል? ጤፋቸው ሜዳ ላይ ነው። ዝም ማለት የሚያዋጣ መሰለኝ፤ ወላሂ መሰለኝ። ግን "በሐሰት" የምትለዋ ቃል እንዲያው አላሳልፍ አለችኝ። እርስዎን የከሰሰ ሰው ሐሰት አልጻፈም፤ ሐሰቱ በኋላ ነው የመጣው።

"ሐጂ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። በአማርኛ ተናግሬ ስጨርስ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ በኦሮምኛም ደገምኩት።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መሐላውንም አልደበቅሁም። የእርስዎን የዓይን ነገር በአደባባይ ማውራቴ ሌላ በደል እንደሆነ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ስለ እሱም አፉ ይበሉኝ።

ፋጡሜ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። "ያኔ የጠቆረው ችግኝ የኔ ነው" አለች። "ጋሽ በዛብህ ዓይናቸው እንደደከመ እኔም አውቅ ነበር። ገበያ ላይ ድምፄን ካልሰሙ አያውቁኝም ነበር። ስንቶቻችን አውቀን ዝም አልን? ዱጋ ጄቴ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው። መሐላዋ ግን ክፉ ነው።"

ሐጂ አብዱልጀባር በትራቸውን አነሡ። "መልካም አደረግሽ ወይ ክፉ አደረግሽ፣ እኔ አልፈርድም። ለራሱ ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩም።"

"ታዲያ እኛ ምን ቤት ነን? ሄደሽ ለባለቤቱ ንገሪው!"

ወጡ። ብዙ ሰው ተከትሏቸው ወጣ። ወደ ከሚሴ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የሚከምር አይኖርም ብዬ ነበር።

ተሳስቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳልፍ ከመንገዱ በላይ ያለው ጤፍ ተሰብስቧል። ፋጡሜ ጎረቤቶቿን ለደቦ ጠርታ፣ ከአንዱ ማሳ ወደ አንዱ ሲዞሩ ሰንብተው ነበር። የሐጂ ጤፍ ብቻ እንደተኛ ነው። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በባቲ በኩል ደመና ተነሣ፤ ሁለት ቀን ዘነበ። የዝናብ መለኪያውን ስቀዳ መጀመሪያ ቀን አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር፣ በማግስቱ ሰባት ሆነ።

ሁሉም ደስ አላለውም፤ ይኼንንም ይወቁት። በአርጡማ በኩል ያሉት ወረቀቱን በስልክ ሰምተው ከምረው ነበር፤ እነሱ ጋ ግን ጠብታ አልወረደም። አንድ ሰው ደውሎ "እርጥብ ጤፍ አስከምረሽኝ አሁን በትኜ ላስጣ ነው" ብሎ ጮኸብኝ። ያችው "አንዳንድ ስፍራ" ናት። "እውነትህን ነው" አልኩት።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሐጂ አብዱልጀባር ጣቢያው ድረስ መጡ። ጤፋቸው ሲሶው ባለበት በቅሏል፤ የቀረውን እያገላበጡ አድርቀው አትርፈዋል። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኋቸው። እርሳቸው ግን "ሳጥኑን ክፈችልኝ" አሉ። ከፈትኩላቸው። ጎንበስ ብለው መለኪያዋን ረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

"በዛብህ ሃያ ስምንት ዓመት ያየው ይህችን ነው?"

"አዎ።"

"ያ ረቢ፣ ምን ያህል ቀጭን ነገር ናት!" አሉ። ቀና ብለው "ጻፍሽለት?" አሉኝ።

"ገና ነኝ።"

"አትቆዪ። ሽማግሌ ነው፤ ያለውም ብርድ አገር ነው።" ቀጥለውም፣ ያን ጊዜ መጋዘን ውስጥ ባልነበረ ድምፅ፣ "እንዲያው ብርዱ መቼ ይመጣል ነው ያልሽው? ሁለት ጥጆች ተወልደውልኛል" አሉ።

"ሰማዩ ከጠራ ከህዳር ሃያ በኋላ" አልኳቸው።

መጣ። ህዳር ሃያ ሦስት ቀን አምስት ነጥብ ሁለት ዲግሪ፣ በሃያ አራት አራት ነጥብ ስምንት፣ በሃያ አምስት ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ትንፋሼን ይዤ ነው ያነበብኩት። በዚያች ጠዋት ቦርከና ዳር ሄድኩ። ሳሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። መደቦቹ ግን የማሽላ አገዳ፣ ጆንያ፣ አሮጌ ሰሌን፣ ያገኙትን ሁሉ ለብሰዋል። ፋጡሜ አገዳውን ስትገልጥ አብሬያት ቁጢጥ ብዬ ነበር። አረንጓዴ ነው፤ ጤዛ እንኳ አልነካውም። በጥግ በኩል ያለች አንዲት መደብ አገዳ አልደረሳትም ነበርና እሷ ብቻ ጠቁራለች። ፋጡሜ እጄን ይዛ "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ እኔ አለቀስኩ። ሐጂም ጥጆቹን ቤት አስገብተው እንዳሳደሩ ሰማሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ያንን ቀይ የተጻፈበትን የሁለት ዓመት መዝገብ አውጥቼ ከአጎራባች ጣቢያዎች ጋር ቀን በቀን አስተያየሁት። አንድ ወር ፈጀብኝ። ያ ዓመት ከመግባቱ በፊት እስካለው ነሐሴ ድረስ ንባብዎ ትክክል ነበር ጋሽ በዛብህ። ስህተቱ የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው። ከህዳር እስከ ጥር ያለውን ደግሞ እኔ በደብተሬ የያዝኩት አለ። ሁለቱንም አያይዤ "ከመስከረም በፊት ያለው ምልክት ይነሣ" ብዬ አመለከትኩ። በዚህኛው ደብዳቤ ስሜ በምስጢር ይያዝ አላልኩም። መልስ ገና አልመጣም። ላይመጣም ይችላል። ግን ያን ሁሉ ዓመት በትክክል እንዳነበቡ እኔ አይቻለሁ፤ እርስዎም ይወቁት።

ስጽፍልዎ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ቃል ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ያስተማሩኝ ሰው ነዎት፤ ከኋላዎ ጻፍኩብዎ፤ ሲጠይቁኝ በአላህ ስም ዋሸሁዎ። ዓይንዎን ማጣትዎ የእኔ ጥፋት አይደለም። ብቻዎን እንዲያጡት ማድረጌ ግን የእኔ ነው። አጠገብዎ ቆሜ "ጋሽ በዛብህ፣ እኔ ላንብብልዎ" ማለት እችል ነበር።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና ደብረ ብርሃን እመጣለሁ። የፆም ጊዜ ስለሆነ ፓፓያ እይዛለሁ። የምመጣው ለማስረዳት አይደለም፤ የነገርኩዎት ይበቃል። ፊትዎ ቆሜ "አፉ በሉኝ" ለማለት ነው፤ እምቢ ማለት የእርስዎ ነው። ቤቲ በስልክ አንድ ቃል ትበለኝ። "ነይ" ካለችኝ እመጣለሁ። "አትምጪ" ካለችኝ አልመጣም፤ አልቀየምም። ዝም ካላችሁኝ ግን እመጣለሁ። ዝምታን እኔ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ለማንም አልጠቀመም።

ብርድ እንዳይመታዎ እግርዎን በደንብ ይሸፍኑ።

ያሳደጓት ልጅዎ
ዓዲላ